አባት ነው የተባለው የጢም ብሩሽ

ዝናብ ደግነቱ ሰው ሳይመርጥ ሁሉንም አንድ ክዳን ሥር መሰብሰቡ ነው። የምጠግነው ጃንጥላ ስለሆነ ዝናብን ባሞግስ አደላህ የሚለኝ አይጠፋም፤ ይበል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የወረደው ግን ሙገሳም ስድብም የሚበቃው አልነበረም። አንዱ ጠብታ አንድ ባልዲ ይሞላል። ከዝናቡ ቀድሞ በመጣው ነፋስ አንድ ደንበኛዬ ጃንጥላውን እንደዘረጋ ተነሥቶ ማዘጋጃ ቤቱ ጣራ ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አይቻለሁ። እዚያው የነበረውን ጉዳይ ጨርሶ ወረደ ይባላል፤ ይሄኛውን ግን የሰማሁት እንጂ ያየሁት አይደለም።

ሱቄ ጠባብ ናት፤ እኔ ከገባሁ ደንበኛ ደጅ ይቆማል። በስተቀኟ ፀጉር ቤት፣ በስተግራዋ የልብስ ሰፊው ቤት ያዋስኗታል። ሌላ ጊዜ የስፌት መኪናው ከጠዋት እስከ ማታ ግድግዳዬን ሲያንቀጠቅጠው ይውላል። ሰሞኑን ግን ዝም ብሏል። ለምን ዝም እንዳለ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ የወንድሜ ልጅ ግን አታውቅም ነበር።

የወንድሜ ልጅ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ከመውደዴ የተነሣ ደግሜ ተምሬው ስቀር፣ እሷ የቤተሰቡን የቀረ ትምህርት ጠቅልላ ወሰደችው። ዝናቡ መንገድ ላይ ይዟት ሮጣ ገባች። ገና እግሯን ሳታራግፍ የፀጉር ቤቱ ባለቤት የደንበኛ ሽርጥ በራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ተከተሏት። ጣራቸው ባፈሰሰ ቁጥር መጠጊያቸው እኔ ነኝ።

ሰውየውን «ጋሽ መቀስ» እንላቸዋለን። ከፀጉር ማስተካከል ሌላ አንድ ሙያ አላቸው፤ ጆሮ ያነባሉ። ልጅ የወለደ ሁሉ አቅፎ ያመጣላቸዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሕፃኑን ጆሮ አጠፍ ዘርጋ ያደርጉና «ያባቱ ነው!» ይላሉ። ሙያውን ከአባታቸው የወረሱት ነው። ሰውም ስቆ፣ ተመርቆ ይሄዳል። ስንት ዘመን «ያባቱ ነው» ሲሉ ኖረው ዘንድሮ «አይደለም» ያሉት በገዛ እህታቸው ልጅ፣ በልብስ ሰፊው ላይ ነው።

«ምነው ጎረቤትህ ዛሬ አይሠራም?» አለችኝ የወንድሜ ልጅ። «ቀሚስ ላሳጥር ነበር።»

አፌን ከመክፈቴ ጋሽ መቀስ ቀደሙኝ።

«በምን ልቡ ይስፋ ልጄ? ሚስቱ ልጅቱን ታቅፋ እናቷ ቤት ገባች። ልጅቱ የሱ አይደለችም።»

«ማን አለ?»

«ጆሮዋ ነዋ! የኛ ዘር ጆሮ ጉትቻ ማንጠልጠያው እንዲህ ልል ነው» አሉና የራሳቸውን ይዘው ወዘወዙት። «የልጅቱ ግን ጉንጯ ላይ ልጥፍ ነው፤ እንደ ፖስታ ቴምብር። ሕፃን ሲወለድ ጭምድድ ያለ ነው፣ ይፈታ ብዬ ታገሥሁ። መዳህ ጀመረች፤ ያው ልጥፍ።»

«በጆሮ ብቻ ቤት ፈረሰ?»

«ኧረ በሳይንስም ተረጋግጧል! ሳይንስ የናንተ ብቻ መሰለሽ? ዲኤንኤ አሠርተናል።»

«የት?»

«ማዶ ያለው ሞባይል ሻጭ ወኪል ነው። ቤታችሁ ሆናችሁ ፀጉርም ይሁን ጥፍር ያገኛችሁትን ስጡኝ፣ በማግስቱ ውጤቱ በስልክ ይመጣላችኋል አለን። ፀጉር ደግሞ የኔ ሥራ ነው። የሱን ከማጅራቱ፣ የልጅቱን ከግንባሯ በአዲሱ መቀሴ ጥርት አድርጌ ቆርጬ ሰጠሁ። እንዳለውም በማግስቱ ‹አባት አይደለም› ብሎ መጣ። ሰኞ ፍርድ ቤት ገብቶ ስሙን ከልደት ምስክር ወረቀቷ ሊያሰርዝ ነው።»

የወንድሜ ልጅ ጠጋ አለቻቸው።

«ጋሼ፣ ፀጉሩን ቆረጡት ወይስ ነቀሉት?»

«አንቺ ደግሞ! ፀጉር አስተካካይ ፀጉር ይነቅላል? ዶሮ የምበልት መሰለሽ?»

«እንግዲያው የሚመረመር ነገር አልሰጡም። ለአባትነት ምርመራ የሚፈለገው ያለው ከፀጉሩ ሥር ነው፣ ቆዳ ውስጥ ከተተከለው። በመቀስ የተቆረጠው ጫፍ ለዚህ አይሆንም። ሁነኛ ላቦራቶሪ ቢሆን ኖሮ ‹ይሄ ናሙና አያገለግልም፣ ሌላ ላኩ› ይላችሁ ነበር።»

«ማሽን አይዋሽም፣ ልጄ።»

«ካለ አይዋሽም። ማሽኑን አይተውታል?»

ጋሽ መቀስ ሽርጣቸውን ጨመቁ። ነገሩ የተበላሸው ፀጉሩ ጥርት ተደርጎ በመቆረጡ መሆኑ ለሙያቸው ስድብ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ጎትቶ ከነሥሩ ባመጣው።

«ይሁን። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«የጠረጠረ ያጣራ እንጂ ይመንጥር አልተባለም። እኔም ልጅቱ የሱ ናት አላልኩም፤ አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። ሰኞ ፍርድ ቤት የሚሄደው ሰውዬም አያውቅም።»

ዝናቡ አባራ። ሁለቱም ተኮራርፈው ወጡ። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ሲከነክነኝ ደግሞ እጄ አያርፍም።

ጋሽ መቀስ ጢም የሚያረጥቡበት ብሩሽ አላቸው። ከፈረስ ጭራ የተሠራ ነው እያሉ ይኩራሩበታል። ምላጭ ሊገዙ ወጣ ሲሉ ጠብቄ ከብሩሹ ጥቂት ፀጉር ቆረጥኩ። ከመጫወቻ ሻጯ ደግሞ አንዲት ራሷ የተመለጠ አሻንጉሊት ለምኜ፣ የተረፋትን ወርቃማ ናይለን አጨድኩላት። ሁለቱን ለየብቻ በላስቲክ ጠቅልዬ በአንዱ ላይ «አባት»፣ በሌላው ላይ «ልጅ» ብዬ ጽፌ ለሞባይል ሻጩ ከነክፍያው ሰጠሁት። «ሚስጥር ነው» አልኩት። «ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ሚስጥር መቃብር ነው» አለኝ።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። አንብቤ ጃንጥላዎቼን እንደተበተኑ ትቼ ፀጉር ቤት ገባሁ። አንዱ ደንበኛ ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው፤ ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ።

«ጋሽ መቀስ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ብሩሽዎ ወለደ!»

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ሴት ልጅ ናት። ወርቃማ ፀጉር፣ ሰማያዊ ዓይን። አባትየው ይሄ እጅዎ ላይ ያለው ነው፤ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ በመቶ!»

መልእክቱን ጮክ ብዬ አነበብኩት። «እንኳን ደስ ያለዎት፤ አባት ነዎት» ይላል። ናሙናውን ከየት እንዳመጣሁት ስናገር አረፋ የተቀባው ሰውዬ ሲስቅ መስታወቱን አረፋ አለበሰው። «ጋሽ መቀስ፣ ጆሮውን አላዩትም እንዴ?» አለ ተራ ከሚጠብቁት አንዱ።

ሳቁ የኔን ሱቅ ተሻግሮ ልብስ ሰፊውን ጠራው። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ጢሙ አድጎ መጣ። ስልኬን ተቀብሎ አነበበ። ቀጥሎ የራሱን ስልክ አወጣና ጎን ለጎን አያቸው። ያው ሰላምታ፣ ያው ቃል፤ «ነዎት» በሚለው ቦታ «አይደሉም» መባሉ ብቻ ነው ልዩነቱ።

«ሚስቴን በዚህ ነው ያስለቀስኳት?» አለ።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ሞባይል ሻጩ ጋ ሄድን። እሱ ወኪል ብቻ ነኝ አለ፤ ከላይ ያለው ማነው ስንለው ስልክ ቁጥር ሰጠን፤ ቁጥሩ አይሠራም። ላቦራቶሪው የት እንደሆነ እሱም አያውቅ። መቃብር ነው ያለው ለካ እውነቱን ነው፤ የገባ አይወጣም።

አመሻሹ ላይ የወንድሜ ልጅ ከሥራ ስትመለስ አራታችን ፀጉር ቤት ተቀመጥን። ጋሽ መቀስ ብሩሻቸውን መሳቢያ ውስጥ ከተውታል፤ እልሃቸውን ግን አልከተቱትም።

«ያ ሌባ ነው፤ ተቀብያለሁ» አሉ። «ጆሮ ግን ሌባ አይደለም። ጆሮ ወኪል የለው፣ ስልክ አይዘጋ። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል።»

የወንድሜ ልጅ መልስ ልትሰጥ ስትል የጋሽ መቀስ የመጨረሻ ልጅ ገባ። መካኒክ ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ። ተበላሽታ የነበረች የፀጉር መቁረጫ ማሽን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አባዬ፣ ሠርቼልሃለሁ። ዘይት ሳትቀባ እንዳታስነሣት። ደግሞ ሳልህን አልወደድኩትም፤ ዛሬ በጊዜ ግባ።»

የአባቱን ትከሻ እንዳያቆሽሽ በክርኑ ነካ አድርጎ ወጣ። የወንድሜ ልጅ በሩ እስኪዘጋ፣ እግሩም እስኪርቅ ጠበቀች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልናገር ነው፤ እንዳይቀየሙኝ።»

«ተናገሪ።»

«የልጅዎን ጆሮ አይተውት ያውቃሉ?»

ጋሽ መቀስ ልጃቸው ወደ ወጣበት በር ዞሩ። እኔም ያን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሳውቀው ልብ ብዬው አላውቅም፤ ልጥፍ ነው፣ እንደ ፖስታ ቴምብር። የጋሽ መቀስ እጅ ወደ ራሳቸው ጆሮ ተነሥቶ መንገድ ላይ ቀረ።

«በናቱ ወገን... አክስቱ...» አሉ።

«ይሆናል። ወይም ከርስዎ ቅድመ አያት ዘሎ የመጣ ይሆናል። ጆሮ በአንድ ሕግ አይሠራም፤ ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው መልክ የሚሰጠው። በርስዎ ሕግ ቢሆን ግን ይሄ ልጅ አሁን ስለ ሳልዎ የሚጨነቀው በማያገባው ገብቶ ነው።»

ልብስ ሰፊው መሬት መሬት አየ። ጋሽ መቀስ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ከመስታወቱ አዞሩ።

«ሚስቴን አንድ ቀን እንኳ ጠርጥሬያት አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው።

«ለዚህ ነው ጆሮውን ያላዩት።»

የጋሽ መቀስ የጆሮ ትምህርት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ መጥቶ እዚያች ወንበር ላይ ቆመ። እውነቱን ለመናገር ሰውየው የተሸነፉት በዕውቀት ብቻ አይደለም። በሌላው ቤት የጣሉት ፍርሃት ለአፍታ የራሳቸውን በር ቢያንኳኳ፣ ክብደቱን አወቁት።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አሉ። «ይሄን የእህቴን ልጅ ጥርጣሬ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ዝም ብለህ እመን ብለው ያምናል?»

«አላምንም» አለ ልብስ ሰፊው። «ማመን እፈልጋለሁ፤ ግን ሌሊት እያነቃኝ ነው። ሌላ ላቦራቶሪ እንዳልሞክር ደግሞ ሁሉም በስልክ ላይ አንድ ናቸው። ሁሉም ዕውቅና አለኝ ይላል።»

«ማን ነው የሰጣችሁ በላቸው» አለች የወንድሜ ልጅ። «የሰጪውን ስም ካወቅህ በኋላ ሰጪውን ራሱን ጠይቅ፤ ከላቦራቶሪው አፍ አትቀበል። ለመሆኑ አንተ ኮት ስትሰፋ ልኬት የምትወስደው ከምን ከምን ነው?»

«ከትከሻ፣ ከደረት፣ ከወገብ፣ ከእጅጌ... ብዙ ነው።»

«በአንገት ልኬት ብቻ ኮት እሰፋለሁ የሚል ቢመጣስ?»

«ጨርቅ አልሰጠውም።»

«ዲኤንኤም እንደዚያው ነው። የልጁን ካባት ጋር በአንድ ቦታ ሳይሆን በሃያም ከዚያም በላይ ቦታ ያስተያዩታል። ስንት ቦታ ታያላችሁ ብለህ ጠይቅ። ‹አባት አይደለም› ለማለትም አንድ ቦታ ላይ አለመግጠሙ አይበቃም። ደግሞ ከመላክህ በፊት ዋጋውን ሙሉውን ይንገሩህ፤ ውጤቱን ማን እንደሚያየው፣ የተረፈውን ናሙና ምን እንደሚያደርጉት ይንገሩህ። ጥያቄህ ሰልችቷቸው ‹ዝም ብለህ ላክ› ካሉህ ተዋቸው።»

«መቶ በመቶ እርግጠኛ ነን የሚል ካለስ? እሱ አይሻልም?» አሉ ጋሽ መቀስ።

«‹አባት ነው› ሲል መቶ የሚሞላ ካለ ሽሹት ጋሼ። ሁነኛው ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ብሎ ዘጠኙን ይደረድራል እንጂ መቶ አይልም። ‹አይደለም› ሲል ግን ዜሮ ማለት ይችላል።»

«ሰኞስ?» አለ ልብስ ሰፊው። «ፍርድ ቤቱ?»

«ቤት ውስጥ የተወሰደ ናሙና ለራስህ ልብ ነው እንጂ ለዳኛ አይሆንም። ለዳኛ የሚሆነው መታወቂያ አይቶ፣ በጥጥ የሚታሸው የማን አፍ እንደሆነ መስክሮ ናሙናውን የሚወስድ ገለልተኛ ሰው ሲኖር ነው። ለሰኞ አትቸኩል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ከሁሉ በፊት ግን እናቷን ጠይቅ።»

«እሷን? ምን ብዬ?»

«እሱን እንኳ እኔ አላውቅልህም» አለች።

ሰኞ ፍርድ ቤት አልሄደም። አማቱ ቤት ሄደ፤ እኛም ሦስታችን ተከተልነው። ሚስቱ ግቢው ውስጥ የሕፃን ልብስ ታሰጣ ነበር። ልጅቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የልብስ መቆንጠጫ ታኝካለች። አባቷን ስታይ መቆንጠጫውን ጥላ ወደሱ መዳህ ጀመረች፤ ሰውየው አንሥቶ ይቀፋት ወይስ ይተዋት እንዳላወቀ ሁሉ እጆቹን አንጠልጥሎ ቆመ።

«እቀፋት እንጂ፤ አትነክስም» አለች ሚስቱ። «ምን ፈልጋችሁ ነው?»

ልብስ ሰፊው እየተንተባተበ ተናገረ። ስለ ብሩሹ ሲደርስ የሳቋ ጥርስ ብልጭ አለና ጠፋ።

«ፊተኛውን ስትልክ አልጠየቅከኝም።»

«አልጠየቅሁሽም።»

«አሁን ከጠየቅከኝ እንግዲህ ላቦራቶሪውን የምመርጠው እኔ ነኝ። ደውዬ የምጠይቀውም እኔ። የኔም ናሙና ይገባል።»

«የእናት ሲጨመር ውጤቱ ይጠነክራል» አለች የወንድሜ ልጅ።

«እርስዎም ጋሼ» አለች ወደ ጋሽ መቀስ ዞራ፣ «‹አይደለችም› ያሉት ሱቅዎ ውስጥ፣ ሰው መሃል ነው። ውጤቱ እኔ የማውቀውን ካለ፣ እዚያው ወንበር አጠገብ ቆመው፣ ሰው መሃል ይናገራሉ።»

«እናገራለሁ ልጄ።»

እዚህ ላይ የወንድሜ ልጅ አንድ ጥያቄ ጣለች። «‹አይደለህም› ቢልስ?» አለችው ልብስ ሰፊውን። «ምን ታደርጋለህ?»

«አላውቅም» አለ።

«እስክታውቅ አትላክ። የማትሸከመውን መልስ አትጠይቅ።»

ቅር እያለው ተመለሰ። ቀናት አለፉ፤ የስፌት መኪናውም ዝም እንዳለ ነው። እኔ ሌላ ቀልድ ላምጣ ብዬ አስቤ ተውኩት፤ አንዳንድ ዝምታ አይነካም። አንድ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ አይቼ የወንድሜን ልጅና ጋሽ መቀስን ጠርቼ ደረስንበት። ሚስቱ ፊት ቆሞ ነበር።

«አይደለህም ቢለኝም» ይላታል፣ «ስሜ እሷ ላይ ይቆያል። ሌላው ያንቺና የኔ ጉዳይ ነው፤ እሷን አይመለከትም።»



«በል እንግዲህ፣ ለምርመራው ሂድና አፍህን ተጉመጥመጥ» አለችው።

ከመረጠችው ላቦራቶሪ ዕቃው በፖስታ ሲመጣ የወንድሜ ልጅ አጠገባቸው ሆና አነበበችላቸው። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ይጠበቃል፤ ልጅቱም ከጠባች በኋላ ጠብቀው ውኃ ቀመሰች። በዘንግ ጫፍ የተጠቀለለውን ጥጥ በየጉንጫቸው ውስጥ አሹት። ጋሽ መቀስ «ረጥቧል ወይ?» ብለው ጫፉን በጣታቸው ሊነኩት ሲሉ የወንድሜ ልጅ ጩኸት ሰፈር ሰማው፤ ለጥቂት የልጅቱ አባት እሳቸው ሆነው ይገኙ ነበር። ጥጡ በአየር ደርቆ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ኤንቨሎፕ፣ የየሰው ስም ተጽፎበት ሄደ።

መልሱ በማግስቱ አልመጣም። ሲመጣ የተነጻጸረው ሁሉ ቦታ በሰንጠረዥ ተዘርዝሮ መጣ፤ ከታች ዘጠኝ ተደርድሯል፤ መቶ አይልም። ልጅቱ የልብስ ሰፊው ናት።

ሚስቱ ወረቀቱን አላነበበችም። ባሏ ሲያለቅስ መሀረብ ሰጠችውና «ይሄ ላቦራቶሪውን ማመን ነው፤ እኔን ገና አላመንከኝም» አለችው። ያን ቀን አብራው አልተመለሰችም።

ጋሽ መቀስ ቃላቸውን ጠበቁ። ቅዳሜ ሱቁ በሞላበት ሰዓት መቀሳቸውን አስቀምጠው፣ ሬዲዮውን አጠፉ። «ስለ እህቴ ልጅ ሚስት የተናገርኩት ሐሰት ነው» አሉ። «ያየሁት ጆሮ ነው፤ የወነጀልኩት ሰው ነው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ልጅ ይዞ የሚመጣ ፀጉር ለማስቆረጥ ብቻ ይምጣ።» ከመካከል የሳቀባቸው አልነበረም። እሷም ደጅ ላይ ልጇን ታቅፋ ቆማ ሰምታለች፤ ሲጨርሱ የባሏን ሱቅ በር ከፍታ ገባች።

ይህ ከሆነ ወዲህ ሰፈራችን ብዙ ተለውጧል። ጥርጣሬ የያዘው ሰው በወሬ ቤት አያፈርስም፤ መጀመሪያ ከሚስቱ ጋር ይነጋገራል፤ ከዚያም ቢሆን ምርመራ ከፈለጉ ተስማምተው ዕውቅና ያለውን ይጠይቃሉ። ሞባይል ሻጩ ወደ ሞባይሉ ተመልሷል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሕፃናት በማያውቁት ችሎት በመልካቸው የማይፈረድባቸው መሆኑ ነው። እንደ ፍላጎቴ ቢሆን የብሩሹን ጀብዱ በደማቁ እጽፈው ነበር፤ ለሕዝብ ትምህርት የሚሆነው ግን እንዲህ ሳይጋነን ነው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ጣራ በስተቀር።

አንድ ቀን ሚስትየዋን «ምርመራው አስታረቃችሁ፤ ሳይንስ ደግ ነው» አልኳት።

«ያስታረቀን ምርመራው መሰለዎት እንዴ ጋሼ?» አለችኝ። «ምርመራው ጥያቄውን ነው የወሰደልን። እርቁን እኛው ነን የምንሠራው፤ ገና አልጨረስንም።»

ከውስጥ ባሏ «ልጅቱ ነቃች፤ እኔ አለሁ፣ አትምጪ» ሲል ተሰማ። እሷም ትንሽ አዳመጠችና፣ እንዳለው ሳትገባ ቀረች።